የመስቀል ወፍ ወዴትም አትሄድም

በአማርኛ አነጋገር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ሰው «የመስቀል ወፍ» ይባላል። ለበዓል ብቻ የሚመጣ ዘመድ፣ ለስብሰባ ብቻ የሚታይ ሹም ስሙ ይኸው ነው። አባባሉ ያምራል፤ ስለ ወፏ የሚናገረው ግን እውነት አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩት ጅራተ ረጃጅሞቹና ከጥቁር ጋር ቀይ ወይም ቢጫ የለበሱት ትናንሽ ጥሬ በል ወፎች በመስከረም ከሩቅ አገር አይመጡም፤ በጋው ሲገባም ወደ ሩቅ አገር አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ በማሳው ዳር፣ በሣሩና በአጥሩ ላይ ይኖራሉ። የሚለወጠው ልብሳቸው ነው። ወንዱ ክረምቱ ሲገባ እንስቲቱን ለመማረክ ላባውን ይቀይራል፤ የመራቢያው ወቅት ሲያበቃ ጌጡን አራግፎ እንደ እንስቲቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል። ያኔ መንደሩ «ሄደች» ይላል። ወፏ ግን አልሄደችም፤ የሄደው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ይህ የዓይን ስሕተት በአነጋገር ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። አሳሳቢው ነገር የአገሪቱ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ በዚሁ ስሕተት ላይ ቆሞ ማደጉ ነው። በቀን መቁጠሪያ፣ በፖስታ ካርድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳና በየኤግዚቢሽኑ አዳራሽ የሚሰቀሉት ፎቶግራፎች ይመርመሩ። የሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ የባሌ ቀይ ቀበሮ፣ የአዋሽ ሳላ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ፍላሚንጎ በብዛት ይገኛሉ። ከመኖሪያ ቤት ጓሮ፣ ከትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ፣ ከደብር ጥድ ሥር ወይም ከከተማ ወንዝ ዳር የተነሣ ፎቶግራፍ ግን እምብዛም አይታይም። ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ሁልጊዜ የደረቀ ነው። ኢትዮጵያን በእነዚህ ፎቶግራፎች ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ በዚህች አገር ዝናብ መዝነቡን እንኳ ሊጠረጥር አይችልም።

ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ሁለት አጉል እምነቶች ቆመዋል። አንደኛው «ተፈጥሮ ሩቅ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ክረምት ካሜራ የሚከተትበት ወቅት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ከአገሬው ኑሮ አልተወለዱም። የክረምቱን ማብቂያ የዘመን መለወጫ ያደረገ፣ አደይ አበባን የአዲስ ዓመት ምልክት አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ይህን ወቅት ሊታይ የማይገባው አድርጎ ሊቆጥር አይችልም። እምነቶቹ የመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ቀዳሚ ሥራው የሰውን መልክ፣ ይልቁንም የባለሥልጣንን መልክ ማስቀረት ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያም በየከተማው ፎቶ ቤቶች ተከፈቱ፤ ደንበኛው ሐይቅና ዛፍ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ ሲነሣ፣ ከፎቶ ቤቱ በር ውጭ የቆመው ዛፍ ግን ሳይነሣ ይቀር ነበር። ተፈጥሮ ራሱን የቻለ የፎቶግራፍ ርእስ ሆኖ ጎልቶ የወጣው በአመዛኙ ከቱሪዝም ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም ሲያደራጁ ለውጭ ጎብኚ የቀረበው መፈክር በእንግሊዝኛ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» የሚል ነበር። መፈክሩ ብልህነት ነበረው፤ የአገሪቱን የዘመን አቆጣጠር በአንድ ሐረግ ለዓለም አስተዋውቋል። በአማርኛ ሲነገር ግን «የ13 ወር ፀጋ» ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። ፀጋ ዝናብንም ያቅፋል፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ሐምሌንና ነሐሴን ከዓመቱ ይሰርዛል። የፎቶግራፍ ባለሙያው የተከተለው እንግሊዝኛውን ነው። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተክቷል፤ መፈክሩ ያሠለጠነው ዓይን ግን አልተተካም።

ጎብኚ በበጋ መምጣቱ አያስወቅሰውም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ተራራው ጉም በሆነበት ወቅት ምንም ሳያይ ሊመለስ ይችላል። የሚያስወቅሰው ባለቤቱ የራሱን አገር በእንግዳ የጊዜ ሰሌዳ መመልከቱ ነው። የእንግዳ ወቅት የባለቤቱ ዓመት ሊሆን አይችልም።

ለመሆኑ ካሜራው በሚከተትበት በዚያ ወቅት ምን ይታያል? የአዲስ አበባን ዙሪያ ብቻ መውሰድ ይበቃል። በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም የእንጦጦ ግርጌ፣ የጉለሌ ዳገት፣ የየወንዙ ዳርና የቀድሞዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች በዓመቱ ውስጥ የማይደገም ገጽታ ይይዛሉ። ለሁለት ወራት በዝናብ የታጠበው አየር አቧራ የለውም። ጥዱና ወይራው በሽበትና በሐረግ ተሸፍነዋል። ከወፎቹ መካከል ብዙዎቹ ጎጆ ሠርተው ጫጩት ይመግባሉ፤ ወንዱ ሸማኔ ወፍ ሣር እየሰነጠቀ ቤቱን ሲሠራ እንስቲቱ መጥታ ትመረምረዋለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ እንግዶቹ ይደርሳሉ። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲቃረብ ንብ በሎቹ፣ ጅራታቸውን ዘወትር የሚወዘውዙት ቢጫ ሆዶቹና ሌሎችም የስምጥ ሸለቆን መንገድ ይዘው ይመጣሉ። ነዋሪው በሠርግ ልብሱ፣ መንገደኛው በጉዞ ልብሱ በአንድ ማሳ ላይ የሚገናኙት በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ትዕይንት የሚያህል በየትኛው ፓርክ፣ በየትኛው የበጋ ወር ይገኛል?

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ወይም ከአፍሪካ ቀንድ የማይወጡ ሆነው ሳለ፣ በመዲናይቱ ጣሪያና ዛፍ ላይ እንደ ተራ ጎረቤት የሚኖሩ አሉ። ንጋት ላይ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው፣ ከጉሮሮው ሥጋ የተንጠለጠለበትና ምንቃረ ቆልማማው ወፍ አንዱ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ሌላው ነው። ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገሪቱን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፕል ለሳይንስ ዓለም አስተዋውቋቸዋል። ዛሬም ከባሕር ማዶ የሚመጡ የወፍ ተመልካቾች እነዚህን ለማየት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። የሰፈሩ ልጅ ግን ድንጋይ ይወረውርባቸዋል። ልጁ ሊወቀስ አይገባውም፤ ወፉ የሚታይና የሚከበር ነገር መሆኑን በፎቶግራፍ ያሳየው ማንም የለም። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለለት ከባዕድ አገር የመጣ በረዶ የለበሰ ተራራና የቀላ የበልግ ቅጠል ነው።

«የክረምት ብርሃን ለፎቶግራፍ አይመችም» የሚለው ክርክር ከሥራ የመነጨ ሳይሆን ከስንፍና የመነጨ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በነሐሴ ማብቂያ በቀትር ፀሐይ ከአናት ቀጥ ብላ ትቆማለች። ደመና በሌለበት እንዲህ ያለው ብርሃን የወፉን ጀርባ ያቃጥላል፤ ሆዱንና ዓይኑን ያጨልማል። ስለዚህ የሚመቸው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል ጠዋቱ ለሠራተኛ ክፍት ነው። ደመናውም ቢሆን ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም። ያን ጥቁር ቁራ በጠራራ ፀሐይ የሚያነሣ ሰው ወይ ጥቁሩን ወይ ነጩን ያጣል፤ ጥቁሩ ከሰል፣ የማጅራቱ ነጭ ደግሞ ባዶ ወረቀት ይሆንበታል። በቀጭን ደመና ሥር ግን የላባው ድርብርብ አንድ በአንድ ይወጣል። ክረምት የጀማሪ ጠላት፣ የባለሙያ መምህር ነው።

ሌላው ክርክር የመሣሪያ ነው። «ረጅም ሌንስ ለሌለው የወፍ ፎቶግራፍ አይሞከርም» ይባላል። ይህ ለሩቅ እንስሳ ይሠራ ይሆናል። የሰፈር ወፍ ግን ሰውን ለምዷል። ከመስኮት ኋላ በጸጥታ የተቀመጠ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከአጥር ሥር ግማሽ ሰዓት የታገሠ ሰው መካከለኛ ሌንስ ባለው ካሜራ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በእጅ ስልክም ቢሆን ወፉን ከነዛፉ፣ ዛፉን ከነሰፈሩ ማንሣት ይቻላል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ዙሪያው ነው። ቅርበት የሚገኘው በገንዘብ ሳይሆን በመደጋገም ነው። ፓርክ በዓመት አንድ ጊዜ ይኬድ ይሆናል፤ ወደ ጓሮው ግን በየማለዳው ይወጣል። አንድን ቅርንጫፍ ለአርባ ቀን የተመለከተ ሰው፣ አርባ ፓርኮችን በአንድ በጋ ከዞረ ሰው ይልቅ የሚናገረው አለው።

ከሁሉም ይልቅ ክብደት ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከኪነ ጥበብ ሰዎች ራሳቸው ነው። «ሕዝቡ ስንት ችግር እያለበት ወፍና ቅጠል ማንሣት የተዝናኑ ሰዎች ጨዋታ አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። በመንግሥት መኪና ታጅቦ፣ ውድ ሆቴል አድሮ፣ ሰው ከፎቶግራፉ እንዲወጣለት ጠብቆ የሚነሣ የፓርክ ሥዕል በርግጥ እንዲህ ሊባል ይችላል። የቅርቡ ጫካ ግን ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች የዚያ ደን ታሪክ አካል ናቸው። ባሕር ዛፍ ራሱ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፣ አዲሲቱ መዲና የዙሪያዋን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ በተቸገረችበት ጊዜ ነበር። ከተማይቱ በዚህ ዛፍ ከመፈናቀል ዳነች፤ ነገር ግን ጥድና ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የነበረበት ዳገት አንድ ዓይነት ሆነ፤ ከሥሩም ቁጥቋጦው ሳሳ፣ በቁጥቋጦው የሚኖረውም ወፍ አነሰ። ይህን የማገዶ፣ የድህነትና የደን ታሪክ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንሺ ከሕዝቡ ራቀ ሊባል አይችልም። ሰውን ያለ ደኑ፣ ደኑንም ያለ ሰው ማንሣት ነው የተዝናኑ ሰዎች ጨዋታ።

ነገሩ ከውበት አልፎ የማስረጃ ጉዳይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። እነሱ ያሰቡት የጦርነቱን መንገድ ለመዘገብ ነው። ከ140 ዓመታት በኋላ ግን ተመራማሪዎች እነዚያኑ ቦታዎች በድጋሚ አንሥተው አነጻጸሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናታቸውም የሰሜኑ ምድር ዕፀዋት እንደሚባለው ብቻ እየመነመነ እንዳልሄደ፣ በብዙ ቦታ እንዲያውም መሻሻሉን አሳዩ። አንድ ዘማች ጦር ሳያስበው የተወው ፎቶግራፍ ይህን ያህል ከመሰከረ፣ የአገሩ ልጅ አስቦ፣ ከዓመት ዓመት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር ቢያነሣ ምን ሊመሰክር ይችል ነበር? የጎንደርና የጎጃም ደብሮች ደን የዓለምን ዓይን የሳበው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የመሰሉ የአገር ልጆች ባደረጉት ጥናትና ከሰማይ በተነሡ ፎቶግራፎች ነው። ከሰማይ ሲታይ ደኑ በታረሰ ምድር መካከል የቆመ አረንጓዴ ክብ ነው። ከሥር፣ ከውስጡ፣ በክረምት ማብቂያ ምን ይመስላል? ግንደ ቆርቁሩ የትኛውን ዛፍ ይቦረቡራል? ይህን ለመመለስ አውሮፕላን አያስፈልግም፤ የደብሩ አጎራባች መምህር ካሜራ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ ተከላ ካሜራ ሞልቶ ይታያል። ሹሙ አካፋ ይዞ ይነሣል፤ አፈሩ ይነሣል፤ እጁም ይነሣል። ችግኙ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚያነሣው የለም። በሁለተኛው መስከረም ጸድቋል ወይስ ደርቋል? በአምስተኛው ዓመት ወፍ ሰፍሮበታል ወይ? ካድሬው በሪፖርቱ ውስጥ የሚያስገባው የተከላውን ዕለት ፎቶግራፍ ነው። ዛፍ ግን የሚመዘነው በዕለቱ ሳይሆን በዓመታቱ ነው። ያንኑ ጉድጓድ ከዓመት በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያላያያዘ ሪፖርት ጎዶሎ ነው ተብሎ ቢመለስ፣ ካሜራው ከአጨብጫቢነት ወደ ምስክርነት ባደገ ነበር።

ፎቶግራፉ ምስክር ይሆን ዘንድ ስም ያስፈልገዋል። አማርኛ በዚህ በኩል ደሃ አይደለም። ቆቅና ጅግራ፣ ዋኖስና እርግብ፣ ድንቢጥና ግንደ ቆርቁር፣ ጭልፊትና ጉጉት፣ እርኩምና ጥንብ አንሣ በገጠሩ ሰው አንደበት ውስጥ አሉ፤ ከየወረዳው ቢሰበሰብ ደግሞ ገና ብዙ ይገኛል። በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎችም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው የኡርባንና የብራውን የኢትዮጵያ አእዋፍ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ተመልካቹ በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ በአብዛኛው በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ሲሠራ፣ በኤግዚቢሽን ላይ ከፎቶግራፍ ሥር የሚነበበው ጽሑፍ ግን «ወፍ»፣ «ውብ ተፈጥሮ»፣ «ማለዳ» ከማለት አላለፈም። ሰውን አንሥቶ ከሥሩ «ሰው» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ያስቃል። ወፍን አንሥቶ «ወፍ» ማለት ለምን አያስቅም? የወፉ የአካባቢ ስም፣ ቦታው፣ ወሩና ዓመቱ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ጌጥ ነው፤ የተጻፈበት ግን ቅርስ ነው።

ወደ ቅርብ መመለስ ሲባል ደግሞ ወደ ጎጆ ደጃፍ መውረር ማለት አይደለም። ብርሃን እንዲገባለት ብሎ በጎጆው ዙሪያ ያለውን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ፎቶግራፍ አንሺ ጫጩቱን ለቁራና ለጭልፊት፣ ለዝናብና ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል። እናቲቱን በድንጋይ አስነሥቶ ክንፏን ዘርግታ የሚያነሣም እንዲሁ ነው። ያማረ ፎቶግራፍ ወጣ፤ ጎጆው ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሥራ በሽልማት ፋንታ ተግሣጽ ይገባዋል፤ የኤግዚቢሽን አዘጋጆችም ፎቶግራፉ እንዴት እንደተነሣ ሳይጠይቁ ግድግዳ ሊሰጡት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠየቀው ነገር ብዙ ወጪ የሚያስከትል አይደለም። ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በዚሁ በመስከረም ነው። በዕረፍቱ ወራት በግቢው የበቀለው ረጅም ሣር የመስቀል ወፍ የሚባሉት ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን በጽዳት ዘመቻ ስም እስከ ሥሩ ይታጨዳል። ርእሰ መምህራን ከአጥሩ ጥግ ጥቂት ሜትር ሣር እስከ ጥቅምት ማብቂያ ሳይታጨድ ቢተዉ፣ ተማሪው ያለ መኪናና ያለ መግቢያ ክፍያ የተፈጥሮ ትምህርት ቤት አገኘ ማለት ነው። መምህሩ አንድ ካሜራ ወይም አንድ ስልክ ይዞ ልጆቹን በዚያ ጥግ ፊት ያስቀምጥ፤ ያዩትን ይጻፉ፤ ስሙን ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ። የባህል ቢሮዎች ለዓመታዊ የፎቶግራፍ ውድድራቸው «ከደጃፍ እስከ አንድ ሰዓት የእግር መንገድ» የሚል ወሰን ያብጁለት፤ ጊዜውንም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያድርጉት። ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ ካሜራውን በሰኔ ከትቶ በጥቅምት ማውጣቱን ያቁም።

ሕፃናት የሚከላከሉት የሚያውቁትን ነው። የማያውቁት ዛፍ ሲቆረጥ አያለቅሱም፤ ስሙን ያልሰሙት ወፍ ሲጠፋ አይጎድልባቸውም። የሩቁ ፓርክ ዘበኛ፣ ሕግና በጀት አለው። የሰፈሩ ወይራና የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ግን ከጎረቤቱ ዓይን በቀር ጠባቂ የላቸውም። ያን ዓይን የመክፈት ኃላፊነት የኪነ ጥበብ ባለሙያው ነው፤ የሚከፍተውም ዝናቡ ገና ከቅጠሉ ሳይደርቅ ነው።